ከፖቶማክ ወዲህና ወዲያ፦ የሕዝብ ሐሳብ ደሞዝ የሚሆነው መቼ ነው?

ይህ ጽሑፍ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ወገኖች ካደረግኩት ንግግር የመጣ ነው። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኳቸውን አንዳንድ ነገሮች ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የደሞዝ ቁጥሮቹ የ2025 ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። እናቶችና አባቶች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደክሟችሁ እያለ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከመካከላችሁ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ አለ። ዲሲ የሚሠራ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራም አለ። ትራፊክ ካልያዘ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በመኪና አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዝቅተኛው ደሞዝ ግን በ2025 እንዲህ ነበር። ቨርጂኒያ በሰዓት 12 ዶላር ከ41። ዲሲ ከጁላይ ወዲህ 17 ከ95። ሜሪላንድ በጠቅላላው 15 ዶላር ሲሆን፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ለብቻው ከፍ አድርጎ ትልልቅ ድርጅቶችን 17 ከ65 ያስከፍል ነበር።

በቲፕ ለሚሠራ አስተናጋጅ ልዩነቱ ይብሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪው ከራሱ ካዝና በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ቢከፍል ሕጋዊ ነው። ሞንጎመሪ 4 ዶላር ነው። ዲሲ በ2025 10 ዶላር ነበር። እርግጥ ሕጉ ቤዙና (አሠሪው የሚከፍለው መነሻ ደሞዝና) ቲፑ ተደምሮ ዝቅተኛውን ደሞዝ ካልሞላ ቀሪውን አሠሪው ይሙላ ይላል። ይህን መብት የማያውቅ ብዙ ነው። የሚያውቀውም ቢሆን፣ ሙላልኝ ብዬ ብጠይቅ የቅዳሜውን ሺፍት ይነሱኛል ብሎ ይፈራል።

ሥራው አንድ ዓይነት ነው። ትሪው ያው ነው፣ እግር ላይ መቆሙ ያው ነው፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ወለል መጥረጉም ያው ነው። ታዲያ የፖቶማክን ወንዝ ስንሻገር ደሞዙ እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዲሲዎች ደግ ናቸው፣ ቨርጂኒያዎች ጨካኝ ናቸው ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2021 አገር አቀፍ መጠይቅ አድርጎ ነበር። ዝቅተኛው ደሞዝ 15 ዶላር ይሁን ያለው 62 በመቶ ነበር። ከአሥር ሰው ስድስቱ ማለት ነው። ይህ የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ ከተማ ሐሳብ አይደለም። አብዛኛው አሜሪካዊ፣ ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ኪራይና ምግብ ሊያቅተው አይገባም ብሎ ያምናል።

አሁን ደግሞ በዚያው ዓመት ማርች 5 ላይ የሆነውን ስሙ። የ15 ዶላሩ ሐሳብ ሴኔት ቀረበና 58 ለ42 ወደቀ። ከዴሞክራቶቹ ጎን ከሚሰለፉት ሴናተሮች ራሱ ስምንቱ ተቃወሙት። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ጁላይ 2009 ላይ የነበረው 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ዛሬም ያው ነው። ሕጉ በ1938 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየበት ዘመን የለም። 20 ግዛቶች እስከ አሁን በዚያ ቁጥር ላይ ናቸው። በሳምንት አርባ ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳያርፍ የሠራ ሰው 15 ሺህ 80 ዶላር ያገኛል ማለት ነው፣ ያውም ታክስ ሳይቆረጥ። ዋጋው ሁሉ ጣራ ስለነካ ደግሞ ያ 7 ከ25 በ2009 ይገዛ ከነበረው ሲሶ ያህሉን አጥቷል።

ስድሳ ሁለት በመቶ ሕዝብ ይፈልገዋል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው። የሕዝብ ሐሳብ በራሱ ደሞዝ አይጨምርም። ወደ ሕግ የሚገባበት መንገድ ይፈልጋል፣ መንገዱ ሲገኝ ደግሞ በዚያች አጭር ጊዜ ምን እንደተጻፈ ይወስነዋል።

አንድ ሰው በስልክ ተደውሎለት ደሞዝ ይጨመር ወይ ሲባል አዎ ይላል። ምክር ቤት የሚወክለውን ሰው ሲመርጥ ግን በዚህ አይመርጥም። በሃይማኖቱ፣ በፓርቲው፣ በኢሚግሬሽን፣ በነዳጅ ዋጋ ይመርጣል። ተመራጩም ይህን ያውቃል። ደሞዝ ባይጨምር ወንበሩን እንደማያጣ ያውቃል። የአሠሪዎች ማኅበራት ግን በየቀኑ ቢሮው ደጃፍ ላይ ናቸው። ሐሳቡ በቁጥር የበዛው ሕዝብ በሌለበት፣ በቁጥር ያነሱት እየተናገሩ ሕጉ ይጻፋል።

ፍሎሪዳን ተመልከቱ። በ2020 ኖቬምበር ላይ ፍሎሪዳ ትራምፕን በ51 በመቶ መረጠች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ዝቅተኛው ደሞዝ ቀስ በቀስ ወደ 15 ዶላር ይደግ የሚለውን ሐሳብ ወደ 61 በመቶ የሚጠጋ መራጭ ደገፈው። እዚያ ለማለፍ 60 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ለጥቂት ነው ያለፈው። ደሞዝ አንጨምርም ለሚል ፓርቲ ድምፁን ሰጥቶ፣ ብዕሩን ሳያስቀምጥ ዝቅ ብሎ ደሞዝ ይጨመር የሚለውን ሳጥን የሞላ ብዙ ሰው አለ ማለት ነው። ጥያቄው በቀጥታ ሲመጣለትና በተወካይ በኩል ሲመጣለት የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። አርካንሳስ በ2018፣ ነብራስካ በ2022፣ ሚዙሪ በ2018ም በ2024ም እንዲሁ አድርገዋል። ሁሉም ወግ አጥባቂ የሚባሉ ግዛቶች ናቸው።

ችግሩ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ በቀጥታ ሕግ ማቅረብ የሚችለው ከግዛቶቹ ግማሽ ያህሉ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ አይቻልም። ሜሪላንድም አይቻልም። ዲሲ ይቻላል። የወንዙ ወዲህና ወዲያ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

ሜሪላንድ መንገዱ ምክር ቤቱ ነበር። በ2019 ምክር ቤቱ የ15 ዶላሩን ሕግ አወጣ፤ ገዢው ላሪ ሆጋን ውድቅ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ድምፅ ሰጥቶ የገዢውን ውሳኔ ሻረው። ቨርጂኒያ እስከ 2021 ድረስ በ7 ከ25 ላይ ተቀምጣ ነበር። እዚያ በ2019ኙ ምርጫ የምክር ቤቱ አብላጫ እስኪቀየር መጠበቅ ግድ ሆነ። በዓመቱ ሕጉ ወጣ፣ ደሞዙም ወደ 9 ከ50፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 12 ዶላር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ 15 ለማሳደግ የወጣውን ሕግ የወቅቱ ገዢ ግሌን ያንግኪን በ2024ም በ2025ም ውድቅ አድርገውታል። ታዲያ 12 የነበረው በ2025 እንዴት 12 ከ41 ሆነ? የ2020ው ሕግ ውስጥ፣ ደሞዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በራሱ ይስተካከል የምትል አንቀጽ ገብታ ስለነበር ነው። ይህችን አንቀጽ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የእኛ ሰዎች የነበሩበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከሲያትል በስተደቡብ ሲታክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው እዚያ ነው። ዊልቸር የሚገፉት፣ ሻንጣ የሚጭኑት፣ የኪራይ መኪና የሚያጥቡት፣ ሆቴሎቹን የሚያጸዱት ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ሶማሌዎች አሉ፣ የእኛው ኢትዮጵያውያን አሉ፣ ኤርትራውያን አሉ። በ2013 የዋሽንግተን ግዛት ዝቅተኛ ደሞዝ 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። እነዚህ ሠራተኞች ከማኅበራት ጋር ሆነው ወደ 15 ይዝለል የሚል ጥያቄ ለከተማዋ መራጭ አቀረቡ። ያኔ 15 ዶላር የትም አልነበረም። ብዙ ሰው ቀልድ ነው ያለው።

ድምፅ የሰጠው 6 ሺህ ያህል ሰው ነበር። አዎ ያለው 3 ሺህ 40፣ አይ ያለው 2 ሺህ 963። ልዩነቱ 77 ነው። 77 ሰው ማለት አንድ መካከለኛ የክርስትና ድግስ ነው። ከዚያም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። አንድ ዳኛ ሕጉ አውሮፕላን ማረፊያውን አይመለከትም አሉ። ሠራተኞቹ ሁለት ዓመት ገደማ ጠብቀው በ2015 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት ፈረደላቸው። በ2025 እዚያ ዝቅተኛው በሰዓት 20 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር። ከ15 ተነስቶ 20 የደረሰው ሌላ ምርጫ ተደርጎ አይደለም። ያቺው አንቀጽ የሲታክም ሕግ ውስጥ አለች።

እዚያ የሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያወሩት ስለ ሰልፉ አይደለም፤ በር ስለማንኳኳቱ ነው። ዜግነት ያገኙትን አንድ በአንድ ፈልጎ፣ በቋንቋቸው አስረድቶ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ቤት ስለሚመጣ፣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጣል ቁጭ ብሎ አብሮ መክፈት። በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በቡና ላይ። የሕዝብ ሐሳብ ስንል እንዲህ ያለ አድካሚ ሥራ ነው። በዓመቱ ሲያትል ከተማ ራሷ 15 ዶላርን በሙሉ ድምፅ አጸደቀች።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ዲሲ። ይህን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ተኳርፋችሁበታል። እዚህ ክፍል ውስጥ የሬስቶራንት ባለቤቶችም አስተናጋጆችም አላችሁ። ሁለታችሁንም አከብራለሁ።

በ2018 ጁን ላይ ኢኒሼቲቭ 77 የተባለ የሕግ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ለባለ ቲፕ ሠራተኞች የተለየው ዝቅተኛ ቤዝ ቀስ በቀስ ይቅርና ሁሉም በአንድ ደሞዝ ይሁን የሚል ነበር። ከግማሽ በላይ መራጭ፣ 55 በመቶ ገደማ ደገፈው። በተለይ ድሃው በሚበዛባቸው የከተማዋ ክፍሎች፣ በዋርድ 7 እና በዋርድ 8፣ ድጋፉ ጠንካራ ነበር። ብዙ አስተናጋጆችና ባርቴንደሮች ግን ራሳቸው ተቃውመውት ነበር። ቤዙ ሲጨምር ሰው ቲፕ ይቀንሳል የሚል ስጋት ነበራቸው። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የሕዝቡን ውሳኔ ሻረው።

በ2022 ያው ጥያቄ ኢኒሼቲቭ 82 ተብሎ ተመልሶ መጣ። አሁን የደገፈው 74 በመቶ ነው። አራት ዓመት ውስጥ ከ55 ወደ 74። በመሃል ኮቪድ ነበር። ሬስቶራንት ሲዘጋ ቀድሞ ሜዳ ላይ የቀረው ማን እንደሆነ ሰው በዓይኑ አይቷል። ማስክ አድርጎ ምግብ ያቀበለው ማን እንደሆነም አይቷል። ምክር ቤቱም ይህን ያህል ድምፅ በቀላሉ መሻር አልቻለም፤ ቤዙ ከ5 ከ35 ተነስቶ 6፣ 8፣ ከዚያ 10 ዶላር ሆነ።

ከዚያ ግን ደረሰኙ መጣ። ብዙ ምግብ ቤት ዋጋውን በሜኑው ላይ ከመጨመር ይልቅ ከታች ሰርቪስ ቻርጅ የሚል መስመር ጨመረ፣ አንዳንዱም እስከ 20 በመቶ። ምግቡን በልቶ ቢሉን ሲያነሳ፣ እላዩ ላይ ሃያ በመቶ ተጨምሮ ከሥር ደግሞ የቲፕ ቦታ ክፍት ሆኖ ያገኘው ሰው ምን ይላል? ይህ ገንዘብ ለልጅቷ ነው ወይስ ለቤቱ? ቲፕ ልጨምር ወይስ ይበቃል? ያ ሰው በ2022 አዎ ብሎ የመረጠ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ተናዷል። ንዴቱን የሚወጣው ደግሞ ቲፑን ቀንሶ ነው። ቲፑ ሲቀንስ አስተናጋጇም ሕጉን ትጠላዋለች። በ2025 ምክር ቤቱ ወደ 12 ዶላር ሊያድግ የነበረውን ጭማሪ አቆመውና ጁላይ ላይ በጠባብ ልዩነት ስምምነት የተባለ ነገር አጸደቀ። በ2027 እኩል ይሆናል የተባለው ቀርቶ፣ የባለ ቲፕ ቤዝ በ2034 ወደ ሙሉው ደሞዝ 75 በመቶ እንዲደርስ ተወሰነ።

እኔ 82ን ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፈዋለሁ። ሕዝብ ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ የመለሰውን መልሶ መሻር ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ግን የምግብ ቤት ባለቤቶቹን ጭንቀት ውሸት ነው አልልም። በኛ መንደር ያለ የእንጀራ ቤት የባልና ሚስት ንብረት ነው፤ ጤፍ ተወዷል፣ ሥጋ ተወዷል፣ ኪራዩ ከሁሉ ይብሳል። ልላችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሕግ ከወጣ በኋላ ሕዝቡ በየቀኑ የሚያየው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ምርጫውን ከማሸነፍ እኩል ይከብዳል። ሐሳብ በምርጫ ቀን አይቆምም። የዲሲ ሰው ከ74 በመቶ ወደ ማጉረምረም የዞረው ጥናት አንብቦ አይደለም፤ ደረሰኝ አንብቦ ነው።

ጥናቱን ካነሳን ባጭሩ ልለፈው። ደሞዝ ሲጨምር ሥራ ይጠፋል ወይ የሚለው የቆየ ክርክር ነው። በ1992 ኒው ጀርሲ ስትጨምር ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ አልጨመረችም። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር የሁለቱን ግዛቶች ሃምበርገር ቤቶች አነጻጽረው ሥራ አልቀነሰም አሉ። ካርድ ኋላ በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሲያትል በ2017 ሁለት ጥናት ወጥቶ አንዱ ሰዓት ቀንሷል፣ ሌላው በምግብ ቤቶች ሥራ አልጠፋም አለ። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በ2021 ስለ 15 ዶላር ሲያሰላ 900 ሺህ ሰው ከድህነት ይወጣል፣ 1.4 ሚሊዮን ሥራ ደግሞ ይቀራል ብሎ ገመተ። ሁለቱም ወገን ከአንድ ሰነድ የሚመቸውን ቁጥር ይዞ ወጣ። መጠኑ ወሳኝ ነው፣ ቦታውም ወሳኝ ነው። ሕዝቡም ይህን ያውቃል። ካሊፎርኒያ በ2024 ወደ 18 ዶላር ይደግ ሲባል ለጥቂት አይሆንም አለች። ማሳቹሴትስም በዚያው ቀን የባለ ቲፕ ቤዝን ማስቀረትን በሰፊ ድምፅ ጣለችው። ሰው ኑሮ ሲወደድበት ደሞዙንም ይፈልጋል፣ ዋጋውንም ይፈራል።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። እስካሁን ያወራነው ስለሚሠራ ሰው ነው። ስለማይሠራ፣ ወይም ሠርቶ ስለማይበቃው ሰው ሲነሳስ?

በ1996 ኦገስት ውስጥ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ሕግ ፈረሙ። የምርጫ ዓመት ነበር። ኦገስት 20 ላይ ዝቅተኛውን ደሞዝ ከ4 ከ25 ወደ 5 ከ15 የሚያሳድገውን ፈረሙ። ኦገስት 22 ላይ ደግሞ ዌልፌርን ከሥሩ የቀየረውን ፈረሙ። የድሃ እናቶች የገንዘብ ድጎማ በዕድሜ ልክ በፌዴራል ገንዘብ ከአምስት ዓመት እንዳያልፍ ተወሰነ፣ ሥራም ግዴታ ሆነ። ሁለቱም በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ ነበሩ። ያው ሕዝብ፣ ያው ሳምንት። የሚሠራ ይጨመርለት፤ የማይሠራ ይቆረጥበት።

ይህ ስሜት ከሰማይ አልወረደም። ሮናልድ ሬገን ከ1976 ጀምሮ በየመድረኩ መንግሥትን በብዙ ስም እያታለለች ቅንጦት ስለምትኖር የቺካጎ ሴት ያወሩ ነበር። አንዲት ሴት ናት። ከሷ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ያሉትን ሚሊዮን እናቶች ሰው የሚያያቸው በሷ በኩል ሆነ። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑም ስለ ድህነት ሲዘግብ፣ ከድሆቹ የሚበዙት ነጮች ሆነው ሳለ፣ የሚያሳየው ጥቁር ፊት ነበር። ሰው እርዳታ የሚለካው በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ ማን ይገባዋል ብሎም ይለካዋል። የሚገባውን የሚወስነው ደግሞ ዓይኑ ላይ የተሣለው ፊት ነው።

እዚያ ሕግ ውስጥ እኛም ነበርን። ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው አብዛኛውን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም የሚለው የመጣው ያኔ ነው። ዲቪ ከተጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በዲቪ የገባችሁ፣ ልጅ ታሞባችሁ ሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን) ገና አልደረሳችሁም የተባላችሁ፣ ያ መልስ ከየት እንደመጣ ዛሬ ዕወቁት። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ያኔ ከዚህ ተርፈው ነበር። በ2025 ጁላይ 4 የተፈረመው ሕግ ግን ፉድ ስታምፕን፣ የምግብ መግዣ ድጎማውን፣ ከነሱም አንስቷል።

በዚያው የ1996 የደሞዝ ሕግ ደግሞ ዝቅተኛው ደሞዝ ሲጨመር የባለ ቲፕ ቤዝ 2 ከ13 ላይ እንዲቀር ተደርጓል። ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። አሌክሳንድሪያ የምትሠራው እህቴ፣ ያ 2 ከ13 ያንቺ ፔይቼክ ላይ ያለው ነው። ለእናቶቹ ድጎማ ለግዛቶች የሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብም ያኔ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፤ ዛሬም ያው 16.5 ቢሊዮን ነው። ማንም ቆሞ ይቀነስ ብሎ ድምፅ አልሰጠም። ዝም ብሎ ዋጋው ሲንር እሱ ቆሞ ቀረ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ አንቀጽ እዚህ ጋ ነው የምታስፈልገው። የጡረታ ገንዘብ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ በ1972 በወጣ ሕግ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በራሱ እንዲያድግ ስለተደረገ ከ1975 ጀምሮ እያደገ መጥቷል። ሽማግሌዎች ደግሞ ድምፅ ይሰጣሉ። ጆርጅ ቡሽ በ2005 ከፊሉን ወደ ግል ሒሳብ ላዙር ሲሉ ሕዝቡ እምቢ ስላለ ተዉት። 7 ከ25 ግን አንቀጽ የለውም፣ 2 ከ13 የለውም፣ የእናቶቹ ድጎማ የለውም። የሕዝብ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው። ሰው ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፤ በየዓመቱ ስለ ደሞዝ ሕግ ሊሰለፍ አይችልም። ስለዚህ በነቃባት በዚያች አንድ ወቅት ራሱን የሚያሳድግ ሕግ ካልተጻፈ፣ ያሸነፈው ነገር ቀስ እያለ ከእጁ ይሾልካል።

ተቃዋሚዎቹም ይህን በደንብ ያውቃሉ። የሚዙሪ መራጭ በ2024 ወደ 58 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ 15 ዶላርና የሕመም ፈቃድ አጸደቀ። በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት ምን ነካ? 15 ዶላሩን አልነካም፤ ሰው ይጮሃላ። የሕመም ፈቃዱን ሰረዘ፣ ደሞዙ በየዓመቱ በራሱ የሚስተካከልበትንም አንቀጽ አወጣ። ከ2026 ጀምሮ የሚያምር 15 ዶላር አላቸው። ካሥር ዓመት በኋላ ስንት እንደሚገዛ አስቡት።

ስለ እርዳታ የሰው ሐሳብ አይለወጥም ለሚለኝ ደግሞ መልስ አለኝ። ሜዲኬይድን ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች ማስፋት የብዙ ግዛት ምክር ቤቶች እምቢ ያሉት ነገር ነበር። ሕዝቡ በቀጥታ ሲጠየቅ ሜይን በ2017፣ አይዳሆ፣ ዩታና ነብራስካ በ2018፣ ኦክላሆማና ሚዙሪ በ2020፣ ደቡብ ዳኮታ በ2022 አዎ አሉ። ዘመቻውን የሠሩት ሰዎች ስለ መንግሥት ፕሮግራም አላወሩም። ስለሚዘጋው የገጠር ሆስፒታል፣ ሁለት ሥራ እየሠራች ኢንሹራንስ ስለሌላት ጎረቤት አወሩ። ሕዝቡ የሚያውቀውን ፊት አሳዩት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኛም ራሳችን ስለዚህ ጉዳይ ጥሩ አናወራም። ፉድ ስታምፕ የሚወስድ ሰው እንዲያ ነው፣ እገሊት ሥራ ጠልታ ነው እያልን በቡና ላይ እናማለን። ከ2019 እስከ 2021 መጀመሪያ፣ እርዳታ ከወሰዳችሁ ግሪን ካርድ ትከለከላላችሁ የሚል ወሬ በነበረበት ጊዜ፣ ልጆቻቸው እዚህ ተወልደው ዜጋ የሆኑ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ከልጆቹ አፍ ላይ ነጥቀው መዝገቡን ዘግተዋል። ሕጉ በነሱ ላይ አይሠራም ነበር። የዘጉት በፍርሃት ነው፣ በሐሜትም ነው። አንድ ማኅበረሰብ ስለ ድሃው በሐሜት ካወራ፣ ሌላው ሕዝብ በአክብሮት እንዲያስብለት መጠበቅ ይከብዳል።

አገር ቤትስ ብሎ የጠየቀኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2019 ሲወጣ፣ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተጽፏል። ለግሉ ዘርፍ ግን እስካሁን የደመወዝ ወለል አልተወሰነም። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ጥያቄውን ደጋግሞ አንስቷል። በዚያው በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነው ብሎ ነበር። እዚያ ስላሉት ልጆች ደሞዝ ከማንም በላይ ብዙ የሚያወራው የውጭ ገዢውና መንግሥት ነው። የአዋጁ አንቀጽ አለ፤ አንቀጹን የሚገፋው የሕዝብ ድምፅ ገና ሥፍራ አላገኘም።

በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን እዚሁ ልጻፈው፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀው። "ዜጋ አይደለሁም፣ እኔ ምን ላድርግ?" አሉኝ አንዲት እናት።

መጀመሪያ ጥንቃቄው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ከአገር ያስባርራል። ማንም ቢላችሁ፣ ፎርም ቢያስሞላችሁ፣ እንዳታደርጉት። በአካባቢ ምርጫ ግን ታኮማ ፓርክ ከ1993 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን ታስመርጣለች። ዲሲም በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ2024 ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ አስመርጣለች። እነዚህ ሕጎች ሊቀየሩ ስለሚችሉ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለባችሁ ደግሞ ጉዳታቸውም ሊኖር ስለሚችል፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

ሁለተኛው ምንም ዜግነት አይጠይቅም። የዲሲ ምክር ቤት ሕግ ከማውጣቱ በፊት ሰው ጠርቶ ይሰማል። ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፣ ስለዚህ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ስለ ፍትሕ ንግግር አታድርጉላቸው፤ እሱን በየቀኑ ይሰሙታል። የአንድ ሳምንት ፔይቼካችሁን ይዛችሁ ግቡ። ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ቤዙ ስንት እንደሆነ፣ ቲፑ ስንት እንደመጣ፣ ሳይሞላ ሲቀር አሠሪው ሞልቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ከዚያ የዚያን ወር ኪራያችሁን አንብቡላቸው። ባለቤት የሆናችሁም እንዲሁ፣ የጤፉንና የኪራዩን ቢል ይዛችሁ ሂዱ። የሚቀጥለው የደሞዝ ክርክር መምጣቱ አይቀርም፤ መዝገቡ ላይ የናንተ ቁጥር ይኑር።